«ሳያይ እንዴት ይጠቁማል?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ታክሲ እነዳለሁ። ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ የትራምፕና የዩክሬን ጉዳይ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2019 የዩክሬኑን ፕሬዚዳንት ዜለንስኪን በስልክ ስለ ተቀናቃኛቸው ባይደን እንዲያጣሩ ጠየቁ ተብለው የተመረመሩበት ነገር፣ ተነስቶ ከጓደኛዬ ጋር ተጨቃጨቅን። «ነገሩን ያጋለጠው ጠቋሚ ራሱ አላየም፣ አልሰማም። በስሚ ስሚ ፕሬዚዳንት ይመረመራል እንዴ?» አለኝ። ክትፎ ተወራርደናል። ዐቃቤ ሕግ ስለነበሩ ይፍረዱን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገርህ።

ወጣት ዐቃቤ ሕግ ሳለሁ አንዲት እናት ቢሮዬ መጡ። የቀበሌያቸው ሊቀመንበር የሸማቾች ሱቁን ስኳር በሌሊት ያስወጣል አሉ። «አይተዋል?» አልኳቸው። «ኧረ እኔስ አላየሁም፤ ዘበኛው ነው ለልጄ የነገራት።» ብዕሬን አስቀመጥኩ። «እማማ፣ ያየው ሰው ይምጣ» ብዬ ሸኘኋቸው። ወሬ አላስገባም ብዬ ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር። ከወራት በኋላ መጋዘኑ ሲቆጠር ጉድለቱ ወጣ። ዘበኛው ግን ሥራውን ለቆ አገሩ ገብቷል። ማን እንዳስወጣው የሚናገር ጠፋ።

የሚያሳፍረው፣ ሕጉ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 11፣ ወንጀሉ ሲፈጸም ያየም ያላየም ማመልከት ይችላል ይላል። አንቀጽ 22 ደግሞ ፖሊስ ጥቆማውን ቢጠራጠረው እንኳ እንዲመረምር ያዛል። ከዚያ ወዲህ «አይተዋል?» ማለቱን ትቼ «ማን ነገረዎት? የት አገኘዋለሁ?» ማለት ጀመርኩ።

የእናንተንም ጉዳይ በዚሁ እየው። ጠቋሚው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2019 ባቀረበው ጽሑፍ፣ አብዛኛውን ነገር በቀጥታ እንዳላየ ራሱ ተናግሯል። አልደበቀም። ግን ትራምፕና ዜለንስኪ በስልክ ያወሩበትን ቀን ጠቅሷል፣ ጁላይ 25። ማን ከማን ጋር እንዳወራና ምን እንደተጠየቀም ጽፏል። ይህ ሄዶ ማጣራት የሚቻል ነገር ነው። የስለላ ተቋማቱ ዋና ኢንስፔክተር ማይክል አትኪንሰን (ለቦታው ያጩት ራሳቸው ትራምፕ ናቸው) በ14 ቀን ውስጥ አጣርቶ ጥቆማው የሚታመን ነው አለ። ሴፕቴምበር 25 ዋይት ሐውስ ራሱ የንግግሩን ማስታወሻ ይፋ አደረገ። ትራምፕ ዜለንስኪን ስለ ባይደንና ስለ ልጁ እንዲያጣሩ ሲጠይቁ እዚያው ላይ ይነበባል። ስልኩን በጆሮው ያዳመጠው የዋይት ሐውስ የደህንነት ምክር ቤት ባልደረባ ሌተና ኮሎኔል ቪንድማንም ኮንግረስ ቀርቦ መሰከረ። ከዚህ በኋላ ጠቋሚው አየ አላየ ምን ያደርግልናል?

እኔን የሚጥመኝ ግን የምግብ ቤቱ ታሪክ ነው። በኪየቭ የአሜሪካን ኤምባሲ ይመሩ የነበሩት አምባሳደር ዊልያም ቴይለር ኖቬምበር 13 ቀን ለኮንግረስ ሲመሰክሩ «አንድ ባልደረባዬ ሰማሁ ብሎ ነገረኝ» አሉ። በአውሮፓ ኅብረት የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ሰንድላንድ ኪየቭ ውስጥ ምግብ ቤት ተቀምጠው ከፕሬዚዳንቱ ጋር በስልክ ሲያወሩ ማለት ነው። ጥርት ያለ የስሚ ስሚ! በስምንተኛው ቀን ባልደረባው ዴቪድ ሆምስ ራሱ በአደባባይ ቀረበ። የትራምፕ ድምፅ ከመጮኹ የተነሳ ሰንድላንድ ስልኩን ከጆሯቸው እንዳራቁት ሳይቀር ተናገረ።

አሁን ወደ ጓደኛህ። እሱም ባዶውን አይደለም። ትልቁ ጥያቄ ለዩክሬን ሊሰጥ ሲል የታገደው 391 ሚሊዮን ዶላር ወታደራዊ ዕርዳታ ነበር። ዕርዳታው በባይደን ላይ ከተጠየቀው ምርመራ ጋር መያያዙን ፕሬዚዳንቱ በአፋቸው ነግረዎታል ወይ ሲባሉ ሰንድላንድ የራሴ ግምት ነው አሉ። እኔ ዳኛ ብሆን እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። በግምት ሰው አይፈረድበትም፣ ፕሬዚዳንትም ሆነ የቀበሌ ሊቀመንበር። ክሱን የዳኘው የኮንግረሱ ላይኛ ምክር ቤት፣ ሴኔቱም፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2020 በነፃ አሰናበታቸው።

ብቻ አንድ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። የቀድሞው የደህንነት አማካሪ ጆን ቦልተን ከጠራችሁኝ እመጣለሁ ብለው ነበር። ከፍርዱ አምስት ቀን በፊት ሴኔቱ 51 ለ49 ምስክር አንጠራም አለ። «በቀጥታ የሰማ የለም» እያሉ የሰማ ሊሆን የሚችለውን አለመጥራት ምን ይባላል? እኔም እናትየዋን ስሸኝ እንዲሁ ነው ያደረግሁት።

ክትፎውን እሱ ይክፈል። ቡናውን ግን አንተ ጋብዘው፣ በግምቱ ነገር የእሱም ጥርጣሬ እውነት አለውና።