የውሻ ጠባይ ከአንጀቱ ይመነጫልን?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። ቡቺ የምንለው የ4 ዓመት ውሻ አለን፤ የሚበላው ከማዕዳችን የተረፈውን ነው። ዐቢይ ጾምን ደህና ሰንብቶ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ተቅማጥ ያዘው። ቤት ውስጥ የነበረ ሜትሮኒዳዞል የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለ3 ቀን ብንሰጠው ቆመለት፤ ከ2 ሳምንት በኋላ ግን ተመለሰበት። አሁን ደግሞ ልጆቹ ሲነኩት ያጉረመርማል። ወንድሜ «ጠባዩን ያበላሸው የአንጀቱ ባክቴሪያ ነው፤ እርጎ ስጡት» ይላል። እውነት ነውን?

መልስ፦ ስለ አንጀቱ ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር ይጣራ፤ ቡቺ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዷልን? ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ ሲያጋጥም በአገራችን መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ይህ በሽታ ነው። ነክሶ ከሆነ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ የውሻውን መጨረሻ ለማየት አትጠብቁ።

ከዚያ ቀጥሎ የምጠረጥረው ሕመምን ነው። የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን መሬት ላይ ጥሎ ዳሌውን ሽቅብ የሚያነሣ ከሆነ፣ ወይም የሚያጉረመርመው በተለይ ሆዱ ሲነካ ከሆነ፣ ሆዱን እያመመው መሆኑ አይቀርም። ሆዱን የሚቆርጠው ውሻ ቁጡ ቢሆን አይፈረድበትም።

ወንድምዎ የሚሉት ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። ከስሜት ጋር የተያያዘው ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር 90 በመቶ ያህሉ የሚመረተው በአንጀት ውስጥ ሲሆን፣ አንጀትና አንጎል ቬገስ በተባለው ነርቭ በኩል ይገናኛሉ። የቁጡ ውሾችና የገራሞቹ የአንጀት ባክቴሪያ ስብጥር ልዩነት እንዳለው ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ሆኖም ፍርሃትና ጭንቀትም በበኩላቸው አንጀትን ስለሚያውኩ፣ ባክቴሪያው ቁጣውን አመጣ ብሎ ለመደምደም ጥናቶቹ አይበቁም።

የእርስዎን ጉዳይ በይበልጥ የሚያስረዳው የተቅማጡ መመለስ ነው። በትልቁ አንጀት የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የምግብን አሰር አብላልተው የአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት የሚመገቡትን ቡቲሬት ይሠራሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የሐሞትን አሲድ ለውጠው ጎጂ ባክቴሪያዎች እንዳይራቡ ያግዳሉ። ሜትሮኒዳዞል እነዚህን ጠባቂዎች ጭምር ይገድላል። በጤነኛ ውሾች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ መድኃኒቱ ከተቋረጠ ከ4 ሳምንት በኋላም የአንዳንዶቹ አንጀት ወደ ቀድሞ ይዞታው አልተመለሰም ነበር። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትድገሙለት።

መነሻው ግን፣ እንደ እኔ ግምት፣ የፋሲካ ዕለት ነው። ውሾቻችን ሳይወዱ በግድ ከእኛ ጋር ይጾማሉ፤ 55 ቀን በእንጀራና በሽሮ የሰነበተ ሆድ በአንድ ሌሊት ጮማ፣ አጥንትና የዶሮ ወጥ መረቅ ሲወርድበት፣ ባክቴሪያዎቹ ለአዲሱ ምግብ የሚዘጋጁበት ጊዜ አያገኙም፤ ስቡም ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል። እንጀራው ራሱ ጥፋት የለበትም፤ ውሻ ስታርች የሚፈጭበት ዘረ መል ከተኩላ ይልቅ በብዙ ቅጂ እንዳለው በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። የሚያሰጋው ሽንኩርት ነው፤ ቢበስልም የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳል፣ ሽሮውም ወጡም ያለ እርሱ አይሠራም። ከእንግዲህ ለቡቺ ሽንኩርት ከመግባቱ በፊት ቀንሱለት፤ ጾም ሲገባና ሲፈታም ምግቡን ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ጥቂት በጥቂት ለውጡለት።

እርጎን በተመለከተ፣ አንድ ሁለት ማንኪያ አብዛኞቹን ውሾች አይጎዳም፤ ባክቴሪያዎቹ ግን በውሻ አንጀት ውስጥ ቤት ሠርተው አይቀሩም። ለአሁኑ የተቀቀለ ሩዝ ከተቀቀለ ቆሮሶ ዓሣ ጋር፣ እሾሁ አንድም ሳይቀር ተለቅሞ፣ በትንሽ በትንሹ ቢሰጠው ይሻላል። ሐይቁ ዳር የሚጣለውን ጥሬ የዓሣ ሆድ ዕቃ ግን እንዳይበላ ጠብቁት። ትኩስ ዓይነ ምድሩንም በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ከቡቺ ጋር ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ፤ ጃርዲያና የሆድ ትላትል እንዲህ ያለውን ተመላላሽ ተቅማጥ ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ ከመድኃኒት በፊት ምርመራው ይቅደም።