ነፍሰ ጡር ፀጉር ሠሪ ምን መብት አላት?

ጥያቄ፦ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ፀጉር ቤት እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ቀለም እቀባለሁ፣ ኬራቲን (የፀጉር ማለስለሻ) እሠራለሁ። ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ያዞረኛል። ከዚህ በፊት አንድ ጽንስ ወርዶብኛል። አሠሪዬን “ለጊዜው ከኬራቲኑ አውጪኝ” ብላት “ስንቱ እዚሁ ሠርቶ ወልዷል፤ ካልቻልሽ ቤትሽ ተቀመጪ። ደግሞ አንቺ በኮሚሽን ነው የምትሠሪው፣ ተቀጣሪዬ አይደለሽም” አለችኝ። እውነት መብት የለኝም? ለወረደብኝ ጽንስስ መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፣ ምክንያቱም መልሱ ደስ አይልም።

ላለፈው ጽንስ መክሰስ ትችያለሽ፤ ማሸነፍ ግን በጣም ይከብዳል። ካሳ ለማግኘት ጽንሱ የወረደው በሥራሽ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅብሻል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚወርድ ጽንስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የክሮሞዞም ችግር ነው፣ ከእናቲቱ ሥራ ጋር አይገናኝም። በፀጉር ሠሪዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶችም አንድ ዓይነት ነገር አይናገሩም። አንዳንዶቹ የውርጃና ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድል በመጠኑ ከፍ ብሎ አግኝተዋል፣ ሌሎቹ ምንም ልዩነት አላዩም። የአሠሪሽ ጠበቃ ሌላ መከላከያ አያስፈልገውም፣ ይህንኑ ያነሳል። በዚያ ላይ ያኔ የተጠቀምሽበት ዕቃ ምን እንደነበር ማስረጃ ይዘሻል? ካልያዝሽ ገንዘብሽንም ጉልበትሽንም እዚያ ላይ አታባክኚ።

አሁን በሆድሽ ላለው ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ጉዳት እስኪደርስ መጠበቅ የለብሽም፣ አደጋ መኖሩ ይበቃል። የምትሠሪበትን አገር ስላልጻፍሽልኝ የአንድ አገር አንቀጽ አልጠቅስልሽም፤ ነገር ግን ብዙ አገሮች የወሊድ ጥበቃ ሕጋቸውን ሲያወጡ የሚያዩት የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 183 አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ። ነፍሰ ጡር ሴት ለራሷ ወይም ለልጇ ጤና ጎጂ ነው የተባለ ሥራ እንድትሠራ መገደድ የለባትም ይላል። አብሮት የወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 191 ደግሞ መንገዱን በቅደም ተከተል ያስቀምጠዋል። መጀመሪያ አደጋው ይወገድ፣ ካልሆነ የሥራው ሁኔታ ይስተካከል፣ እሱም ካልተቻለ ደመወዟ ሳይቀነስ ወደ ሌላ ሥራ ትዛወር፣ የመጨረሻው ደግሞ ክፍያ ያለው ዕረፍት ነው። ለመውለድ ጤና አደገኛ የሆኑ ኬሚካሎችንና ረጅም ሰዓት መቆምን በስም ይጠራቸዋል። ያንቺን ሥራ አይቶ የጻፈው ነው የሚመስለው። እርግጥ ስምምነቱን ያላጸደቁ አገሮች ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ ያለሽበት አገር የሥራ ሕግ ምን እንደሚል ማየት ግድ ነው።

“ከኬራቲኑ አውጪኝ” ማለትሽ ትክክል ነው። ፀጉር ለማለስለስ የሚቀቡ ብዙ ምርቶች ፎርማልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል አለባቸው፣ ወይም በካውያ ሲሞቁ ያወጡታል። ዓይንሽን የሚያቃጥለው ጭስ ምናልባት እሱ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ብሎ ከመደበው ቆይቷል። ዕቃው ላይ “ፎርማልዴሃይድ የለውም” ተብሎ ቢጻፍ አትዘናጊ፤ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሜቲሊን ግላይኮል ይሆናል፣ ሲሞቅ ተመልሶ ጋዝ ነው። ተራው የጨርቅ ወይም የሕክምና ማስክም ጋዝ አያስቀርም። የፀጉር ቀለሙ ከዚህ ይሻላል፤ ጓንት ካደረግሽና ክፍሉ አየር ካለው ወደ ሰውነት የሚገባው ትንሽ ነው። ስለዚህ “ምንም አልሠራም” አትበዪ። “ከኬራቲን ውጪ ያለውን እሠራለሁ፣ በየመሃሉ ልቀመጥ፣ መስኮቱ ይከፈት” በዪ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እምቢ ያለ አሠሪ ዳኛ ፊት ይቸገራል።

የጓንቱንና የአየር ማስወጫውን ወጪ ማን ይሸፍን የሚለው ክርክር የለውም። አሠሪዋ ናት። የዚያው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ለሥራ ደህንነት የሚወጣ ወጪ በሠራተኛ ላይ እንዳይወድቅ ይላል።

አሁን ወደ ኮሚሽኑ። ይህቺን ዘፈን ስንቴ እንደሰማኋት! ተቀጣሪ መሆንሽን የሚወስነው አከፋፈሉ ወይም የወረቀቱ ርዕስ አይደለም፣ በተግባር ያለው ግንኙነት ነው። ሰዓትሽን የምትወስነው እሷ ናት? ደንበኛውን የምትመድበው፣ ዋጋውን የምትተምነው፣ ዕቃውን የምትገዛው፣ ስትቀሪ የምትቆጣሽ እሷ ናት? እንግዲያው በመቶኛ ብትከፈይም ተቀጣሪ ነሽ ብለን የምንከራከርበት በቂ መሠረት አለ። የራስሽ ደንበኛ፣ የራስሽ ዕቃና የራስሽ ሰዓት ኖሮሽ ወንበር ብቻ የምትከራዪ ከሆነ ግን እሷ ልክ ልትሆን ትችላለች።

አሁኑኑ የምታደርጊው ሐኪምሽ ጋ መሄድ ነው። “ዕረፍት ያስፈልጋታል” የሚል ወረቀት እንዳትቀበዪ፣ ለአሠሪሽ “በቃ ቤትሽ ተቀመጪ” ለማለት በር ይከፍታል። ከየትኛው ሥራ መራቅ እንዳለብሽና እስከ መቼ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍልሽ። ከዚያ እርግዝናሽንና ጥያቄሽን በጽሑፍ አሳውቂያት። በዋትሳፕም ይሁን በቴሌግራም ግድ የለም፣ ቀኑ ይታይ እንጂ። የምትጠቀሙባቸውን ዕቃዎች ከነመለያቸው ፎቶ አንሺ፣ የእያንዳንዱን የደህንነት መረጃ ወረቀትም ጠይቂ፤ አምራቾች የሚያዘጋጁት ነው። የወረቀቱ ክፍል 2 አደጋውን፣ ክፍል 8 መከላከያውን ይናገራል። በቃል የነገረችሽንም “ትናንት እንዲህ ብለሽኛል” ብለሽ መልሰሽ ጻፊላት። ዝም ካለችም ማስረጃ ነው።

ብታባርርሽስ? በስምምነት ቁጥር 183 መሠረት በእርግዝና ምክንያት ማሰናበት ክልክል ነው። ምክንያቱ እርግዝናው እንዳልነበር የሚያስረዳውም አሠሪው ነው፤ የማስረዳት ሸክሙ ወደ እሷ ይዞራል ማለት ነው። ብልጥ አሠሪ ግን አያባርርም። “በፈቃዴ ለቅቄያለሁ” የሚል ወረቀት ያቀርብልሻል፣ ወይም ተናደሽ ራስሽ እንድትወጪ ያደርጋል። ምንም ቃል ብትገባልሽ እሱን እንዳትፈርሚ። ካሰናበተችሽ ደግሞ “ልውለድና እከሳለሁ” ብለሽ አትቆዪ፣ ብዙ አገሮች ለዚህ ዓይነት ክስ የሚሰጡት ጊዜ ጥቂት ወራት ብቻ ነው።