ስዕሉ ላይ ያልነበረችው ቦይ

ባለፈው ሰሞን ለወጣት ባለሙያዎች ስለ ግዢ ሥራ እንዳወራ ተጋብዤ ነበር። 31 ዓመት ግዢ ክፍል ስለሠራሁ፣ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ እንዲህ ያለ ግብዣ አልፎ አልፎ ይመጣልኛል። ስለ ጨረታ ሰነድ፣ ስለ ውል፣ ስለ ርክክብ አንድ ሰዓት ያህል ለፈለፍኩ። መጨረሻ ላይ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ከአካባቢያችሁ አምራች ግዙ ይላል። ያው ዕቃ ከሩቅ በቅናሽ የሚመጣልኝ ከሆነ ግን ለቅርቡ ሰው ጨምሬ የምከፍለው ለምንድን ነው? ለጽድቅ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና የለመድኩትን መልስ ሰጠኋት፤ ገንዘቡ እዚያው ይዞራል፣ የሥራ ዕድል ይፈጠራል፣ ዕቃው ቶሎ ይደርሳል። «እሺ» ብላ ጻፈች፤ ፊቷ ግን አላመነኝም። ማታ ጋደም ስል እኔም ራሴን እንዳላመንኩት ገባኝ። የነገርኳት ሁሉም ከሚለው የተቃረመ ነው። የራሴ መልስ ሌላ ነው፤ የሚያኮራ ስላልሆነ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ ብታገኚው ለአንቺ ነው። ሌሎቻችሁም አንብቡት።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። የምሠራበት ፋብሪካ ማሽኖች ያረጁ ነበሩ። በተለይ አንደኛው ረድፍ ላይ ያሉት ዘንጋቸው የሚሽከረከርበት፣ ቡሺንግ የሚባለው የነሐስ ቀለበት ቶሎ ቶሎ ያልቅባቸው ነበር። ቡሺንጉን የሚሠራልን ከፋብሪካው በር ተወጥቶ በእግር ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ወርክሾፕ የነበረው አንድ ሽማግሌ ነው። አንድ አሮጌ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን)፣ አንድ መብሻ፣ አንድ መሞረጃ፣ አብረውት የሚሠሩ ሦስት ልጆች፤ ያ ነው ሀብቱ። መነጽሩን በክር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ማሽን ተበላሽቶ ሲጠራ መጀመሪያ ምንም አይነካም። ረጅም ካቻቢቴውን ያወጣና ጫፉን የማሽኑ አካል ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርጋል። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ «በግራ በኩል ነው» ይላል። በግራ በኩል ይሆናል።

እኔ ደግሞ ክራባት አሳሪ ነበርኩ። አዲስ ዲግሪ፣ አዲስ ጠረጴዛ። አለቃዬ «ወጪ ቀንስ» አለኝ፤ ቀነስኩ። ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ፤ የማሽኑን የፋብሪካ ስዕል ከማኅደር አስወጥቼ በወኪል በኩል ወደ ውጭ ላክሁ። የመጣው ዋጋ የሽማግሌው ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነበር። እርግጥ ዝቅተኛው ትዕዛዝ 200 ፍሬ ነው፤ እኛ በዓመት የምንፈጀው 30 ቢሆን ነው። «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ አይበላሽ» አልኩ። በስብሰባ ላይ ተመሰገንኩ። የምስጋና ደብዳቤም ተጻፈልኝ፤ ግልባጩ ከግል ማኅደሬ ጋር ተያያዘ።

ለሽማግሌው የነገረው ሰው የለም። ትዕዛዝ መላክ አቆምን፣ በቃ። ሁለት ወር ሲያልፍ ራሱ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ቁጭ ብሎ እስክጠራው ጠበቀኝ። ብዙ ጠበቀ፤ ሥራ በዝቶብኝ እንኳን አልነበረም።

«ልጄ፣ ሥራዬ ላይ ጉድለት አገኛችሁ?» አለኝ።

«አይ ጋሼ፣ የዋጋ ጉዳይ ነው።»

ይከራከራል ብዬ ስጠብቅ ምንም አልተከራከረም። ከኮቱ ኪስ ዘይት በነካው ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። አንድ ቡሺንግ ነው። በጥፍሩ ውስጡን እያሳየ «ይቺን ቦይ ታያታለህ?» አለኝ። «ስዕላችሁ ላይ የለችም። የማሽኖቹ መሠረት በአንድ ወገን ሰመጥ ብሏል፤ ዘይቱ ወደ ግራ አይደርስም። ለዚህ ነው የምቆርጥላቸው። ለአዲሶቹ ሰዎች ንገራቸው፤ ያለዚያ ይነክስባችኋል።»

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህ ሰው እንጀራውን የወሰደበት ሻጭ ሥራውን አስተካክሎ እንዲሠራ ዓመታት የለፋበትን ምስጢር በነፃ እየሰጠኝ ነው። እኔስ ምን አልኩት? ሰዓቴን አየሁና «ጋሼ፣ ስዕሉን የሠሩት ኢንጂነሮች ናቸው» አልኩት። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት። ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ቡሺንጉን ግን ጠረጴዛዬ ላይ ተወው። «ያዘው» ብሎ ወጣ። የመጨረሻ ደረሰኙን ክፍያ የፈረምኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ 70 ቀን ዘግይቶ። ሌላው ሁሉ ሲረሳኝ ይህ አይረሳኝም። በወቅቱ የክፍያ መዘግየት የገንዘብ ክፍል ጣጣ እንጂ የእኔ አይመስለኝም ነበር።

ዕቃው በባሕር ሦስት ወር ፈጅቶ ደረሰ። ቆንጆ ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ ከሽማግሌው ሥራ ይልቅ የሚያምር። እያንዳንዱ ፍሬ በራሱ ወረቀት ተጠቅልሏል፤ ያብረቀርቃል፤ ልኩም ከስዕሉ ጋር አንድ ነው። በአምስተኛው ሳምንት አንዱ ማሽን ቀጥ አለ። ቡሺንጉ ደርቆ ዘንጉን ነክሶታል። ሌላ ተገጠመለት፤ እሱም ነከሰ። ቀጥሎ ጎረቤቱ ማሽን። የተበላ ዘንግ በአዲስ እስኪተካ ረድፉ 11 ቀን ቆመ። የጥገና ኃላፊው የተቃጠለውን ቡሺንግ ይዞ ቢሮዬ ገብቶ «ይህን ሲገዛ እኔን የጠየቀኝ ማን ነው?» አለ። ማንም አልጠየቀውም። ማታ ብቻዬን ሒሳብ ሠራሁ፤ በዓመት አተርፍላችኋለሁ ያልኩት ገንዘብ በአራተኛው ቀን አልቋል። ወረቀቱን ቀዳድጄ ጣልኩት። የምስጋና ደብዳቤው ግን ማኅደሬ ውስጥ እንዳለ ነው፤ የወሰደው የለም።

በነጋታው ወደ ወርክሾፑ ሄድኩ። ተዘግቷል። ጎረቤቱ እንደነገረኝ ቶርኖውን ሸጦ ዘመዶቹ ጋ ሄዷል። ከሥራው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የእኛ እንደነበረ የሰማሁት ያኔ ነው። ከልጆቹ አንዱ የመኪና ረዳት ሆኗል አሉኝ፤ የሌሎቹን አላወቁም። ቶርኖ ላይ ለመሠልጠን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌውን ፈልጌ ላገኘው እችል ነበር። አልፈለግሁትም። ምን ብዬ?

በመጨረሻ መጋዘን የተከመረውን ያን ሁሉ ቡሺንግ አንድ ሌላ ወርክሾፕ ወስደን ቦይ አስቆረጥንለት። ሁለተኛ ከፈልን ማለት ነው። ሠራተኛው «በምን ልክ ልቁረጠው?» ሲለኝ መሳቢያዬን ከፍቼ ያን ጠረጴዛዬ ላይ የቀረውን ሰጠሁት።

እንግዲህ ልጄ፣ መልሴ ይኸው ነው። የዋጋ ማወዳደሪያ ቅጽ ላይ የነጠላ ዋጋ፣ የማስረከቢያ ጊዜና የክፍያ ሁኔታ የሚሞላበት ቦታ አለ። «ይህ ሰው ስለ እኛ ምን ያውቃል?» የሚል ቦታ ግን የለም። ከቅርብ አምራች ስትገዢ ከዕቃው ጋር አብሮ የሚመጣው ይህ ነው። መጥቶ ያያል፤ ሲበላሽ ይሰማል፤ ያስተካክላል፤ ያስተካከለውን ሳይነግርሽ በዋጋው ውስጥ ያካትተዋል። የእሱ ዋጋ ተወደደ የምትዪው ያቺን ቦይ ሳትቆጥሪ ነው።

ገንዘቡ እዚያው ይዞራል ያልኩሽም ውሸት አይደለም። ሪቻርድ ካን የተባለው የካምብሪጅ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1931 ለመንግሥት ግንባታ የወጣ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ተጨማሪ ስንት ሰው ሥራ እንደሚያስይዝ ለማስላት ሞክሯል፤ በየመንገዱ የሚያፈስሰውን፣ ወደ ውጭ ዕቃ የሚሄደውንም ጭምር እያሰበ። ሽማግሌው ለሦስቱ ልጆች ደመወዝ ይከፍላል፤ ብረቱን ከጎረቤት ይገዛል፤ ሒሳቡን የሚሠራለትም ሰው የሰፈሩ ነው። በአሜሪካ ኦስቲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002 የተሠራ አንድ ጥናት አንድን የሰንሰለት መጽሐፍ መደብር ከሁለት የከተማው ተወላጅ መደብሮች ጋር አነጻጽሮ፣ ከ100 ወጪ በከተማው ኢኮኖሚ ውስጥ የሚቀረው በሰንሰለቱ 13፣ በተወላጆቹ 45 ነው ብሏል። አሠልጣኞች ይህን ቁጥር ይወዱታል፤ እኔም ስንት ጊዜ ጠቅሼዋለሁ። ግን በአንድ ከተማ ስላሉ ሦስት መደብሮች የተሠራ ሒሳብ ነው፤ ለቡሺንግ ይሠራል ብዬ አልምልም።

ደግሞ ቅርብ ሁሉ ደግ ነው እንዳትሉብኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የአካባቢ አምራች እናበረታታ» እያለ ለዓመታት ከሚስቱ ወንድም ሲገዛ ኖሯል፤ ዕቃው በእጅ ሲነካ ይፈርስ ነበር። ቅርበት ከዝምድና ጋር ሲቀላቀል ከሩቅ ሻጭ ይብሳል፤ ይሉኝታ ይመጣና የተበላሸውን መመለስ ያስቸግራል። ለአየር ንብረትም ሁሌ ይሻላል ሲባል እሰማለሁ። በአንድ ቶን ጭነት በአንድ ኪሎ ሜትር ከታሰበ ትልቅ መርከብ ከከባድ መኪና በጣም ያነሰ ጭስ ነው የሚያወጣው፤ ስለዚህ ርቀቱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

የሩቁም ቢሆን የሚታወቅ ከሆነ ሌላ ነው። ማርች 17 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አልበከርኪ በሚገኘው የፊሊፕስ የቺፕ ፋብሪካ ውስጥ በመብረቅ ሳቢያ እሳት ተነሳ። እሳቱ በ10 ደቂቃ ያህል ጠፋ፤ ጭሱና ውሃው ግን ከአቧራ የተጠበቁትን ክፍሎች አበላሸ። ከዚያ ፋብሪካ ሁለት የስልክ አምራቾች ይገዙ ነበር፣ ኖኪያና ኤሪክሰን። ሁለቱም ሩቅ ናቸው። ኖኪያ ወዲያው ሻጩን እየጨቀጨቀ ሌላ ምንጭ አበጀ፤ ኤሪክሰን የጉዳዩ ክብደት ሲገባው አማራጭ አልነበረውም፤ በዚያው ብዙ ገንዘብ ከሰረ። ይህን ታሪክ ሳስተምር «አየህ፣ ርቀት አይደለም ወሳኙ» እላለሁ። አሁን ከላይ የጻፍኩትን ሳነብ ራሴን እያፈረስኩ ይመስለኛል። ይሁን። ሻጭን ማወቅ ነው የምለው፤ የቅርቡን ማወቅ ደግሞ ይቀላል፣ ሩብ ሰዓት በእግር ነው። ያንን ሩብ ሰዓት ነው እኔ ያልሄድኩት።

ጥራት እዩ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ውል ጻፉ የሚለውን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ግን ከእናንተ ዘመን አልገባኝም። ስልካችሁ ላይ ሠሪውን ለማታውቁት ዕቃ የተጻፈውን ዋጋ አንዲት ቃል ሳትተነፍሱ ትከፍላላችሁ። እጁን በጥቀርሻ አጥቁሮ ፊታችሁ የሚሠራውን ሰው ግን «አስተያየት አድርግ እንጂ» እያላችሁ ቁም ስቅሉን ታሳያላችሁ። ኮከብ ቆጥራችሁ ትገዛላችሁ፤ አምስት ኮከብ የሰጠው ሰው ማሽኑ ሰምጦ እንደሆነ ማን ያውቃል? ይህን የምጽፍበትን መነጽር የወለድኳት ልጄ ከሩቅ አገር በስልኳ ነው ያስመጣችልኝ፤ ጥሩ መነጽር ነው፤ ስለዚህ ብዙም አልፈርድባችሁም። ደግሞ እናንተ ትጠይቃላችሁ። እኔ በዚያ ዕድሜ አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም፤ ቢነገረኝም አልሰማሁም።

ለቅርቡ ለምን ጨምሬ እከፍላለሁ ብለሽኛል። ምናልባት አትጨምሪም። የሩቁ ርካሽ ሆኖ ሲመጣ ትዕዛዙን ከመፈረምሽ በፊት የቅርቡ ሰው ጋ ሂጂና ስዕሉን አሳይው። «አንተ ከዚህ ላይ ምን ትለውጣለህ?» በይው። ምንም ካለ ከሩቁ ግዢ፣ ቅር አይበልሽ። ከሱ ስትገዢም ገንዘቡን በጊዜው ክፈይው፤ ትንሽ ወርክሾፕ 70 ቀን መጠበቅ አይችልም።

ያቺ ቡሺንግ አሁንም እኔ ጋ ናት። ጡረታ ስወጣ ጠረጴዛዬን ሳጸዳ ለንብረት ክፍል ላስረክብ ብዬ ወሰድኳት። መዝገቡን ቢያገላብጡ የለችም፤ ገቢ አልሆነችም፣ ደረሰኝም የላት። ልክ ነው፣ አልገዛናትም፤ ገንዘብ አልከፈልንባትም።