የቆየው የኤንጂንኤክስ ቨርዥን ከኡቡንቱ ማከማቻ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጆች። በመሥሪያ ቤታችን ሰርቨሮች ላይ ያለው ስርዓተ ክወና ኡቡንቱ 22.04 ሲሆን፣ አዲስ ሰርቨር ባዘጋጀን ቁጥር ኤንጂንኤክስ የተባለውን የድረ ገጽ ሰርቨር ፕሮግራም የሚጭንልን ስክሪፕት (የትእዛዞች ፋይል) አለን። ስክሪፕቱ የሚጠይቀው 1.18.0-6ኡቡንቱ14.3 የተባለውን ቨርዥን ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ ያለ እንከን ሲሠራ ቆይቶ አሁን አንዱ ሰርቨር ላይ 404 (ፋይሉ በቦታው የለም) ይላል፤ ሌላው ላይ ደግሞ ቨርዥኑ አልተገኘም የሚል መልእክት ያወጣል። ፓኬጁን፣ ማለትም የፕሮግራሙን የመጫኛ ፋይል፣ ማን አጠፋው? መልሶ ማግኘትስ ይቻላል? አለቃዬ ሰርቨሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው ስለሚሉ ወደ አዲሱ ለመሸጋገር አልደፈርኩም።
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ፓኬጁን በስህተትም ሆነ በተንኮል ያጠፋው ሰው የለም፤ የኡቡንቱ ፓኬጆች የሚወርዱበት ማከማቻ ከመነሻውም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። አንድ የኡቡንቱ ቨርዥን በይፋ ሲወጣ አብረውት የወጡት ፓኬጆች በማከማቻው ዋና ክፍል ይቀመጡና ከዚያ በኋላ አይነኩም፤ ስለዚህም 22.04 እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ሲወጣ የነበረው 1.18.0-6ኡቡንቱ14 ዛሬም እዚያው ይገኛል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ እርማቶች የሚገቡት ግን አፕዴትስ እና ሴኩሪቲ ወደተባሉት ክፍሎች ሲሆን፣ እነዚህ ከእያንዳንዱ ፓኬጅ የሚይዙት የመጨረሻውን ቨርዥን ብቻ ነው። በአንድ ክፍል አዲስ ቨርዥን ሲገባ 14.3 ከዚያ ክፍል ዝርዝር ይወጣል፤ ጥቂት ቆይቶም ፋይሉ ራሱ ይነሣል።

የሁለቱ መልእክቶች ልዩነትም ከዚሁ ይመነጫል። 404 ያለው ሰርቨር የያዘው ዝርዝር ያረጀ ስለሆነ 14.3 አለ ብሎ ያምናል፤ ፋይሉን ሊያወርድ ሲሄድ ግን ቦታው ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ሁለተኛው አፕት አፕዴት የተባለውን ትእዛዝ (አፕት የኡቡንቱ የፓኬጅ መጫኛ ነው፤ ትእዛዙ ዝርዝሩን ያድሳል) በቅርቡ ያስኬደ ስለሆነ ቨርዥኑ እንደሌለ ከወዲሁ ያውቃል። በአሁኑ ሰዓት በእጅዎ ያለውን ለማየት ከአፕት አፕዴት ቀጥሎ አፕት-ካሽ ማዲሰን ኤንጂንኤክስ ብለው ቢጽፉ፣ የሚገኙት ቨርዥኖች ከነምንጫቸው ተዘርዝረው ይወጡልዎታል።

የአለቃዎ ሐሳብ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን 14.3 ላይ የሙጥኝ ማለት የሚፈልጉትን አያስገኝላቸውም። ኡቡንቱ አንድን ቨርዥን ካወጣ በኋላ የኤንጂንኤክስን ዋና ቁጥር፣ ማለትም 1.18.0ን፣ በተለመደው አሠራር አይለውጥም፤ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ መድፈኛውን ብቻ ወስዶ በዚያው በነባሩ ኮድ ላይ ይለጥፈዋል። ከ14.3 በኋላ የወጡት ቨርዥኖችም እንዲህ ያሉ ጥገናዎችን ይዘዋል። አሮጌውን አስገድዶ መጫን ማለት እንግዲህ ታውቆ የተዘጋን ቀዳዳ በገዛ እጅ መልሶ መክፈት ነው። አንድ ዓይነትነቱን ከፈለጉ፣ አሮጌዎቹን ሰርቨሮች ወደ አዲሱ ማምጣት ይሻላል።

ይህም ሆኖ አንድ ብልሽት ከየትኛው ቨርዥን እንደጀመረ ለመመርመር 14.3ን የግድ የሚፈልጉበት ጊዜ ሊኖር ይችላል። በቅድሚያ ቀድሞ በተጫነበት ሰርቨር ላይ የአፕትን የካሽ ማውጫ፣ ማለትም የወረዱ ፋይሎች የሚቆዩበትን ቦታ፣ ይፈትሹ። አፕት-ጌት በሚለው ትእዛዝ የተጫነ ከሆነ የወረደው ፋይል እስካሁን እዚያው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ አፕት የሚለው አጭሩ ትእዛዝ ግን ጭነቱ እንደተሳካ ፋይሉን ይሰርዘዋል። ከዚያ ካጡት፣ የኡቡንቱ ፓኬጆች የሚገነቡበት ላንችፓድ የቀድሞ ቨርዥኖችን ከነታሪካቸው ይዟል። ኡቡንቱ በተጨማሪ ማከማቻው በአንድ ቀን የነበረውን መልክ የሚያሳይ የስናፕሾት አገልግሎት ያለው ሲሆን፣ የኡቡንቱ መሠረት የሆነው ዴቢያንም ለራሱ ፓኬጆች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሚቆጠር ተመሳሳይ መዝገብ አለው። ምንጩ ካልታወቀ ድረ ገጽ ግን አያውርዱ። አፕት ፓኬጁን የሚያምነው በተፈረመው ዝርዝር ውስጥ ካለው የሻ-256 ቁጥር (የፋይሉ መለያ አሻራ) ጋር አመሳክሮ ነው፤ እርስዎ በእጅዎ አውርደው ዲፒኬጂ በተባለው ትእዛዝ ሲጭኑት ያ ማመሳከር አይደረግም።

በነገራችን ላይ፣ ከሌሎች ማከማቻዎች አንድ ነገር ሲጠፋ ምክንያቱ የተለየ ሊሆን ይችላል። በማርች 2016 አንድ የጃቫስክሪፕት ጸሐፊ ሌፍት-ፓድ የተባለችውን የ11 መስመር ፓኬጅ ከጃቫስክሪፕት ማከማቻው ከኤንፒኤም አንሥቶ፣ በእርሷ ላይ የተደገፉ እጅግ ብዙ ፕሮጀክቶች በአንድ ጊዜ መገንባት አቅቷቸው ነበር፤ ኤንፒኤም ፓኬጇን ከመመለሱም በላይ ፓኬጅ የማንሣት ሕጉን አጠበቀ። ሴንትኦኤስ 7 የተባለው ሌላ ስርዓተ ክወና ተጠቃሚዎች ደግሞ ድጋፉ በጁን 30 ቀን 2024 ሲያበቃ የተለመደው አድራሻ ከድቷቸው፣ ፓኬጆቹን ቮልት ከተባለው የመዝገብ ቦታ ማምጣት ነበረባቸው። የእርስዎ ጉዳይ ከሁለቱም ይቀላል።

የሰርቨሮቻችሁ ቁጥር በርከት የሚል ከሆነ፣ የፈተናችኋቸውን ፓኬጆች አፕትሊ በተባለው መሣሪያ በራሳችሁ ማከማቻ ብትይዙ እመክራለሁ። በአንድ ቀን የተነሣውን ቅጂ ስም ሰጥታችሁ ሁሉም ሰርቨሮች ከዚያ እንዲጭኑ ታደርጋላችሁ፤ አንዱን ፋይል ለየሰርቨሩ ደጋግሞ ከውጭ ማውረድ ስለሚቀር የኢንተርኔት ወጪም ይቀንሳል። እስከዚያው ድረስ በስክሪፕቱ ውስጥ ያለውን ሙሉ ቁጥር በ1.18.0-* ይተኩት፤ እንዲህ ሲጻፍ አፕት ከ1.18.0 የቅርቡን ጥገና ይጭናል፣ ዋናው ቁጥር የተለየ ከሆነ ግን እምቢ ይላል።