የሴንት ሉዊስ የመጀመሪያው ከንቲባ ሐኪም ነበር?

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ነው። የከተማዋ የመጀመሪያ ከንቲባ ሐኪም ነበር ብላ ነገረችኝ። እውነት ነው? ሐኪም ከተማ ሲያስተዳድር ምን ይሠራል? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እውነት ነው። ሰውየው ዊሊያም ካር ሌን ይባላል። ፔንሲልቫኒያ ተወልዶ ያደገ፣ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ በሐኪምነት ያገለገለ ሰው ነው። ሴንት ሉዊስ የገባው እ.ኤ.አ. በ1819 ነበር።

ከተማዋ ያኔ ትንሽ ናት። ፈረንሳዮች በ1764 በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የቆረቆሯት የፀጉር ቆዳ መነገጃ ነበረች። የመጀመሪያው የእንፋሎት መርከብ ደጇ የደረሰው በ1817 ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ጎረፈ።

በ1822 የከተማነት ሕጋዊ መብት አገኘች፤ በቀጣዩ ሚያዝያ ምርጫ ተደረገ። የሌን ተፎካካሪ ማን መሰልዎት? ኦገስት ሹቶ! በልጅነቱ ሠራተኞች እየመራ መጥቶ የከተማዋን መሬት ያስመነጠረው ሹቶ። ገና አራት ዓመት የኖረው ሐኪም መሥራቹን 122 ለ70 ረታው። የመረጡት ነጭ ወንዶች ብቻ እንደነበሩ ግን አይዘንጉ። የከንቲባው ደመወዝ በዓመት 300 ዶላር ነበር።

ወደ ሥራው ልምጣ። እኔ ራሴ ማዘጋጃ ቤት ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ሌን ለምክር ቤቱ ያቀረበውን የመጀመሪያ ንግግር ሳነብ ልቤ ይሞቃል። ስለ ክብርና ስለ ድል ብቻ አላወራም። መንገዱ ይስተካከል፣ የወንዙ ዳር ይሠራ፣ የጤና ጉዳይ የሚከታተል ሹም ይኑረን አለ። ሐኪምነቱ የሚታየው እዚህ ጋ ነው።

መንገድ ማስተካከል ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። ከተማዋ ከወንዙ በላይ ባለ ገደል ላይ ነው የተሠራችው። መንገዱ ተቆርጦ ካልወረደ ጋሪ ከመርከብ ማራገፊያው ጭነት ይዞ አይወጣም። መንገድ ሲቆረጥ ደግሞ የአንዱ ደጃፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የሌላው ይቀበራል። ባለቤቱ ቢሮ ድረስ መጥቶ ሲጮህ መስማት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ሌን ይህን ሁሉ ችሎ፣ በየዓመቱ እየተመረጠ እስከ 1829 ድረስ ቆየ። እህትዎ መሃል ከተማ ስትሄድ የምታያቸው ዋልነት፣ ቼስትነት፣ ፓይን እና ኦሊቭ የሚባሉ መንገዶችም የዛፍ ስማቸውን ያገኙት በእሱ ዘመን፣ በ1826 ነው። አሰያየሙ ከፊላደልፊያ ከተማ የተወሰደ ነው።

በ1825 ለአሜሪካ ነጻነት የተዋጋው የፈረንሳዩ ጄኔራል ላፋዬት ከተማዋን ጎበኘ። ከተማዋ ያለችበት የሚዙሪ ክልል ገዥ ፍሬድሪክ ቤትስ «የክልሉ ምክር ቤት በጀት አልመደበም» ብሎ ከአቀባበሉ ቀረ። ሌን ግን ወጥቶ እንግዳውን ተቀበለ። ገዥውም ቢሆን የሕዝብ ገንዘብ መጠበቁ ነው፤ አልፈርድበትም። ግን የከንቲባው ይሻላል፤ እንግዳ ደጅህ ቆሞ ሳለ በጀት አይጠየቅም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ነው። በዚያው የመጀመሪያ ንግግሩ ነጻ ትምህርት ቤት ጠይቋል። በስፋት እኩያዋ ከሆኑት ከተሞች ሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልጋት ሴንት ሉዊስ ናት እስከማለት ደርሷል። ያኔ የሰማው የለም። የከተማዋ የሕዝብ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1838 ነው። አሥራ አምስት ዓመት መሆኑ ነው! ደግነቱ ሌን ተመልሶ ከንቲባ ሆኖ ስለነበር በዓይኑ አየው።

ትምህርት ቤቱ ግን ለጥቁር ልጆች በሩን አልከፈተም። ሌን በሚመራት ከተማ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። በ1847 ደግሞ ሚዙሪ ጥቁሮችን ማንበብና መጻፍ ማስተማርን በሕግ ከለከለች። ጆን ቤሪ ሚቹም የሚባል፣ ራሱን ከባርነት በገንዘቡ ነጻ ያወጣ ጥቁር ፓስተር፣ ወንዙ በፌዴራል መንግሥቱ ሥር ስለሆነ የክልሉ ሕግ አይደርስበትም ብሎ ሚሲሲፒ ላይ በቆመ መርከብ ውስጥ ልጆች ያስተምር እንደነበር ይነገራል። ስለ ከተማዋ ትምህርት ሲነሳ ከሌን እኩል የእሱም ስም መነሳት አለበት ባይ ነኝ።

ሌን በ1840 ከንቲባነቱን ጨረሰ። በ1852 ፕሬዚዳንት ፊልሞር የኒው ሜክሲኮ ግዛት ገዥ አድርጎ ሾመው፤ እዚያ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ያረፈው በ1863 ነው።