ሃያ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግር ሲከዳ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የማራቶን ልምምድ

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ማራቶኔ መዘጋጀት ከጀመርኩ አሥር ሳምንት ሆነኝ። ሐሳቤ በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ለመሮጥ ነው። ባለፈው እሑድ 30 ኪሎ ሜትር ልሮጥ ወጣሁ። እስከ 18ኛው ድረስ በ5፡40 ስሮጥ ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ ወደ 6፡10 ወረድኩ። 24ኛው ላይ እግሬ እንደ ድንጋይ ከበደኝ፣ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ያለ ምክንያት ለቅሶ ተናነቀኝ። የቀረውን በ7፡30 እየተጎተትኩ ጨረስኩ። ከመውጣቴ በፊት አንድ ቁራሽ ዳቦ በሻይ በላሁ፤ መንገድ ላይ ከግማሽ ሊትር ውሃ ሌላ አልቀመስኩም። ዓርብ ዕለት 8 ጊዜ 1,000 ሜትር በፍጥነት ሮጬ ነበር። ስወጣ 64 ኪሎ፣ ስመለስ 62.1 ኪሎ መዘንኩ። ማራቶን ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ስለጻፉልን እናመሰግናለን፤ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ። 24ኛው ላይ የወደቀብዎ ነገር የተጀመረው ገና በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች፣ እንዲያውም ከዚያ በፊት ነው።

አብረን እንደምረው። 18 ኪሎ ሜትር በ5፡40፣ 6 ኪሎ ሜትር በ6፡10፣ የመጨረሻው 6 በ7፡30 ሲደመር 3 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ይመጣል። ሠላሳውንም ሳይጣደፉ በ6፡10 ቢሮጡት ኖሮ 3 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ይወስድብዎ ነበር። መጀመሪያ ላይ በመፍጠንዎ ያተረፉት አንድ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ለዚያች ደቂቃ የከፈሉትን ግን እግርዎ ያውቀዋል። ረጅም ሩጫ ከታሰበው የማራቶን ፍጥነት ከ10 እስከ 20 በመቶ ዝግ ማለት አለበት። ለእርስዎ ይህ በግምት ከ6፡05 እስከ 6፡35 ነው። 5፡40 ለውድድሩ ካሰቡት ፍጥነት የሚለየው በ10 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሳያውቁት ግማሽ ውድድር ሮጠዋል። ሰዓትዎን ማየት ካልፈለጉ በንግግር ይለኩት፤ የመጀመሪያዎቹን 10 ኪሎ ሜትሮች ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥብዎ እያወሩ መሮጥ ካልቻሉ ፈጥነዋል።

ሁለተኛው ምግብ ነው፤ ዋናውም ይኸው ይመስለናል። ሯጭ ጉልበት የሚያወጣው ከሁለት ጎተራ ነው። አንዱ ስብ ነው፤ ብዙ ነው፣ በቀላሉ አያልቅም፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚቀዳው። ሌላው ግላይኮጅን የሚባለው፣ በጡንቻና በጉበት የሚቀመጥ የስኳር ክምችት ነው፤ ቶሎ ይነድዳል፣ ግን በአብዛኛው ሰው ላይ ከ400 እስከ 500 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ በካሎሪ ሲታሰብ ከ1,600 እስከ 2,000 ማለት ነው። ሩጫ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ለአንድ ኪሎ ክብደት 1 ካሎሪ ገደማ ይፈጃል፤ የእርስዎ 64 ኪሎ በ30 ኪሎ ሜትር ሲባዛ 1,920 ነው። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ስብ ይሸፍነዋል። ነገር ግን በፈጠኑ ቁጥር ከግላይኮጅኑ የሚወሰደው ድርሻ ይጨምራል። የጉበቱ ክምችት ደግሞ ሌሊት በእንቅልፍ ሰዓት ስለሚቀንስ፣ በአንድ ቁራሽ ዳቦ አይተካም። ጡንቻ ግላይኮጅኑን ሲጨርስ እግር ይከብዳል። የደም ስኳር ሲወርድ ደግሞ አንጎል ይራባል፤ ብርዱም ለቅሶውም ከዚያ የመጣ ይመስላል። የወኔ ማነስ አድርገው አይውሰዱት።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ረጅም ሩጫ እንዲህ ያድርጉ። ከመነሳትዎ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቀደም ብለው በአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 2 ግራም ካርቦሃይድሬት ይብሉ፤ ለእርስዎ ከ64 እስከ 128 ግራም ነው። ስብና አሰር የበዛበት ምግብ አይሁን። መንገድ ላይ እስኪርብዎ አይጠብቁ፤ ከተነሱ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይጀምሩ፤ ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ ይድገሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት 30 ግራም ይበቃል፤ ሆድ እንደ እግር ሁሉ ስለሚለምድ በየሳምንቱ 10 ግራም እየጨመሩ 60 ድረስ ይሂዱ። አንድ ጄል (በትንሽ ከረጢት የታሸገ ወፍራም የሯጮች ጣፋጭ) ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም ካርቦሃይድሬት ይይዛል፤ ሁልጊዜ በውሃ እንጂ በጣፋጭ መጠጥ አያወራርዱት። ጄል ከሌለ በ1 ሊትር ውሃ 60 ግራም ስኳር፣ ማለትም አምስት ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ፣ እና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ይያዙ። ከዚህ አብዝተው ካጣፈጡት ከሆድ ቶሎ አይወጣም፤ እዚያው ይንቦጫረቃል።

ውሃውን ሚዛንዎ ነግሮናል። 1.9 ኪሎ ቀንሰዋል፣ ግማሽ ሊትር ጠጥተዋል፤ ስለዚህ በላብ የወጣው 2.4 ሊትር፣ በሰዓት 0.8 ሊትር ገደማ ነው። የቀነሰው ከክብደትዎ 3 በመቶ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ከ2 በመቶ ሲያልፍ ብዙ ሯጭ ይደክማል፣ የልብ ምትም በዚያው ፍጥነት ከፍ ይላል። በሰዓት ከ400 እስከ 600 ሚሊ ሊትር በትንሽ በትንሹ ቢጠጡ ይበቃዎታል። የወጣውን ሁሉ ልተካ ማለት ግን አደገኛ ነው። ከሩጫ ሲመለሱ ከወጡበት የበለጠ ከመዘኑ ከልክ በላይ ጠጥተዋል፤ የደም ጨው ቀጥኖ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የእጅ ማበጥ፣ ሲብስም ግራ መጋባት ያመጣል።

የዓርቡን ፍጥነት ልምምድ ወደ ረቡዕ ይመልሱት። ከጠንካራ ልምምድ የሚመጣ የጡንቻ ሕመም ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚበረታው፤ እሑድ የተነሱት በዚያው እግር ነው።

ይህን ሁሉ አድርገውም አንዳንድ ቀን ሊከብድ ይችላል። ያን ጊዜ ፍጥነቱን ለመመለስ አይታገሉ። ለ3 ደቂቃ በእግር ይሂዱ፣ ከ25 እስከ 30 ግራም ስኳር በጥቂት ውሃ ይውሰዱ። ለውጡ የሚሰማዎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ስለሆነ ወዲያው ተስፋ አይቁረጡ። ከዚያ 4 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ እያሉ ይቀጥሉ። እርምጃዎን ያሳጥሩ፣ ትከሻዎን ጣል ያድርጉ፤ የደከመ ሯጭ ትከሻው ወደ ጆሮው ስለሚወጣ አንገቱም አብሮ ይታሰራል።

ዝለትንና ጉዳትን ለዩ። ሁለቱም እግሮች እኩል ከከበዱ ዝለት ነው፤ በዝግታ መጨረስ ይቻላል። በአንድ ጣት ሊነኩት የሚችሉት የአጥንት ሕመም እየባሰ ከሄደ፣ ወይም ማነከስ ከጀመሩ፣ 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢቀርም ያቁሙ፤ ቅልጥም ላይ ከሆነ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። በሙቀት መሐል ግራ መጋባት ወይም መንገዳገድ ከመጣ አብሮ ያለ ሰው ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ያብርድዎትና እርዳታ ይጥራ። የደረት ሕመም ከተሰማዎት ሐኪም ሳያይዎት ዳግም አይሩጡ።

ያልተሳካውን ሩጫ በሳምንቱ መሐል ልካስ አይበሉ። ሁለት ቀን ይረፉ ወይም በጣም ቀለል አድርገው ይሩጡ። የፊታችን እሑድ 20 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ በሳምንቱ 28 ኪሎ ሜትር፣ የመጀመሪያዎቹን 10 ኪሎ ሜትሮች በ6፡30 ጀምረው ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ 15 ኪሎ ሜትር ካለፍኩ በኋላ ሆዴን ይቆርጠኛል፤ አንዳንዴ መጸዳጃ ቤት ፍለጋ እሮጣለሁ። ሕመም እንዳይሰማኝ ከመውጣቴ በፊት ኢቡፕሮፌን እወስዳለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ክኒኑን ይተዉት። ስንሮጥ ደም ወደ ጡንቻ ስለሚሄድ ለአንጀትና ለኩላሊት የሚደርሰው ይቀንሳል፤ ኢቡፕሮፌን የአንጀትን ግድግዳ ያስቆጣል፣ ውሃ በጎደለው ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ማስጠንቀቂያ የሆነውን ሕመምም ይሸፍንብዎታል። ክኒኑን ትተው ከሩጫው በፊት ባለው ቀን ጥራጥሬና ጥሬ አትክልት ይቀንሱ፤ ወተት የማይስማማዎት ከሆነ ጠዋት አይጠጡ። የሚበሉትን ከአንድ ሩጫ ወደ ሌላው አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከለወጡ የትኛው እንዳስቸገረዎት አያውቁም። በሰገራ ደም ካዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከውድድሩ በፊት 42ቱን ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ ሮጬ ባየው እርግጠኛ የምሆን ይመስለኛል። ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ አንመክርም። ለአብዛኛው ሯጭ ከ30 እስከ 32 ኪሎ ሜትር፣ ወይም ዝግ ለሚል ሰው 3 ሰዓት፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚገኘው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ጡንቻውና ጅማቱ ለማገገም የሚወስደው ጊዜ ግን የሚቀጥሉትን የልምምድ ሳምንታት ይበላል። የመጨረሻውን ረጅም ሩጫ ከውድድሩ 3 ሳምንት በፊት ያድርጉት። በውድድሩ ቀን በሚያደርጉት ጫማና ካልሲ፣ በሚወስዱት ጄል፣ በሚነሱበት ሰዓት ይሩጡት፤ ቆዳ በሚፋተግበት ቦታ ቫዝሊን መቀባትም እዚያው ይሞከር።