«ውሎው ይበቃዋል» ይሉኛል

ጥያቄ፦ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው፤ ዳውን ሲንድረም አለበት። ሰፈራችን ያለ ዳቦ ቤት ጠዋት ጠዋት ዳቦ እየቆጠረ ፌስታል ውስጥ ያስገባል። የሚሰጡት ግን የታክሲ ብቻ ነው፤ «ውሎው ይበቃዋል» ይላሉ። ልጣላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጣላትሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ ዳቦውን ሌላ ልጅ ቢቆጥረው ስንት ይከፍሉት ነበር? ውሎ የሚባል ደሞዝ የለም። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛን በሥራ ላይ ማድላትን ይከለክላል፤ ክስ ላይ ብትደርሱ እንኳ አላዳላሁም ብሎ የማስረዳቱ ሸክም የአሠሪው ነው። ቆጠራው ካስቸገረው ደግሞ መላ አለው፤ ትሪው ላይ አሥር ክብ ይሳሉለት፣ ሲሞላ አንድ ፌስታል። መጀመሪያ ሳምንት አጠገቡ ቁሚ፣ ከዚያ ዞር በይ (የሚከብደው ዞር ማለቱ ነው፣ አውቃለሁ)። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ብሩንም ራሱ ፈርሞ ይቀበል።